ዋስ ያጣ ትጋት፤ በጎጃም ደጋ ሴት ነጋዴዎችና የባንክ ብድር

ሀብት ከሦስት ምንጮች፣ ይኸውም ከጉልበት፣ ከጥበብና ከመነሻ ገንዘብ ይፈልቃል ቢባል፣ የጎጃም ደጋ ሴት ከሦስቱ ሁለቱን አጥታ የምታውቅበት ዘመን የለም። በደብረ ማርቆስ፣ በቢቸና፣ በደጀን፣ በሉማሜ፣ በአማኑኤልና በደምበጫ ገበያዎች ቅቤውን ሰብስባ፣ በርበሬውን ቀንጥሳ፣ ጠላውን ጠምቃ፣ አረቄውን አውጥታ፣ እንጀራውን ጋግራ፣ ጥጡን ፈትላ ለገዢ የምታቀርበው እርሷ ናት፤ የዕለቱን ትርፍና ኪሳራ በልቧ አስልታ፣ ለልጆች ትምህርት፣ ለዕቁብና ለዕድር ከፍላ፣ በተረፈው ለነገው ገበያ የምትሰናዳውም እርሷው ናት። በመጽሐፈ ምሳሌ መጨረሻ ምዕራፍ የተመሰገነችውን ልባም ሴት ለማየት የደብረ ማርቆስ ነዋሪ ሩቅ አገር መሄድ አያስፈልገውም። ሦስተኛው ምንጭ ግን፣ ማለትም ንግድን ከጉልት ወደ ሱቅ፣ ከሱቅ ወደ መጋዘን፣ ከእጅ ሥራ ወደ ማሽን ሥራ የሚያሸጋግረው የባንክ ብድር፣ ከሁለቱ ጋር አብሮ አልመጣላትም።

ለምን አልመጣላትም? ለዚህ ጥያቄ የሚሰጡት መልሶች ብዙዎች ናቸው። አንዱ ሴት ደፍራ ብድር አትጠይቅም ይላል፤ ሌላው የሴት ንግድ ትንሽ ስለ ሆነ ለባንክ አይመችም ይላል፤ ሦስተኛው ጥፋቱን በባንኮች ንቀት ላይ ይጥላል፤ አራተኛው ሕጉን ይከስሳል። በዚህ ዳሰሳ እያንዳንዱን መልስ ከታሪክ፣ ከሕግ፣ ከተቋማት አሠራርና ከተመራማሪዎች ግኝት ጋር እያስተያየን እንመረምራለን። ጸሐፊው የደረሰበትን ሐሳብ ከወዲሁ ሳይሸሽግ ቢናገር፣ የነገሩ ሁሉ ማሠሪያ ዋስትና ነው ይላል። ባንክ ገንዘቡን የሚያወጣው መያዣ ላቀረበ ሰው ነው፤ መያዣ ተብሎ የሚቆጠረውም በአብዛኛው ቤትና ሕንፃ፣ ይኸውም ለብዙ ዘመን በወንድ ስም ሲጻፍ የኖረው ንብረት ነው። እንግዲህ ሴቲቱን ድፍረት ከማስተማር አስቀድሞ፣ ለመያዣ የሚበቃው ሀብት ምን ምን እንደ ሆነ እንደ ገና መወሰን ይገባል።

ርስት ነበራት፣ ዋስትና ግን አልነበራትም

በጎጃም የነበረው የርስት ሥርዓት ሴትን ከባለርስትነት አላገዳትም። ሰው ርስቱን በአባቱም በእናቱም በኩል ዘር ቆጥሮ እስከ ዋናው አባት እየደረሰ ይካፈል ስለ ነበረ፣ ሴት ልጅም እንደ ወንድሞቿ ተካፋይ ነበረች፤ ይህንንም አሜሪካዊው ተመራማሪ አለን ሆበን በ1950ዎቹ ዓመታት በዳሞት ተቀምጦ ካጠና በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1973 ባሳተመው መጽሐፍ አስፍቶ ገልጾታል። ከዚያ አስቀድሞም በእነብሴ ምድር የመርጡለ ማርያምን ቤተ ክርስቲያን ያሳነጹት ንግሥት እሌኒ፣ ታላላቅ ሴቶች በጎጃም ምድር ሰፊ ሀብት ያዝዙ እንደ ነበር ምስክር ናቸው።

ነገር ግን ርስት መያዝ ሌላ፣ ርስትን ማሠራት ሌላ ነው። ሞፈርና ቀንበር በወንድ እጅ ብቻ እንዲያዝ ልማዱ ስለ ደነገገ፣ ባል የሞተባት ወይም ትዳሯ የፈረሰ ሴት መሬቷን በእኩል ወይም በሲሶ ለሚያርስላት ሰው ለመስጠት ትገደድ ነበር፤ ዛሬም ትገደዳለች። የምርቱ እኩሌታ ከእጇ ሲወጣ፣ ንግድ ለመጀመር የሚተርፋት ጥሪት አብሮ ይወጣል። ገንዘብ በቸገራት ጊዜም የነበራት መንገድ ሁለት ብቻ ነበር፤ አንደኛው በዘመድና በጎረቤት ፊት ዋስ ጠርቶ መበደር፣ ሁለተኛው ፍትሐ ነገሥቱም ቤተ ክርስቲያንም አጥብቀው ወደ ነቀፉት አራጣ መሄድ ነው። በሁለቱም መንገድ ዋስ ሆኖ የሚቆመው ባል፣ አባት ወይም ወንድም ነበረ፤ የእርሷ ትጋት የታወቀ ቢሆንም በዋስትና ሸንጎ ላይ ቃል አልነበረውም።

ከዚህ ጭንቀት የምታመልጥበትን ዘዴ ግን ማኅበረ ሰቡ ራሱ አበጅቶላታል። ዕቁብ ዳኛና ጸሐፊ ሰይሞ፣ ዕጣ የወጣላትን ሴት ቀሪውን እስክትከፍል ድረስ በዋስ ይዞ፣ ያለ ቤት ካርታና ያለ ወለድ በአንድ ቀን ብዙ ገንዘብ ያስጨብጣታል። ይህ ሥርዓት ለዳሰሳችን ትልቅ ማስረጃ ነው፤ ጠባይዋንና የገበያ ውሏን የሚያውቁ ሰዎች በተሰበሰቡበት ቦታ ሴት ነጋዴ ታምና መበደር እንደምትችል በየሳምንቱና በየወሩ ይመሰክራልና። የዕቁብ ጉድለት መታመን ላይ የለም፤ ጉድለቱ የገንዘቡ ልክ ከአባላቱ ኪስ አለማለፉና ዕጣው የሚወጣበት ቀን ንግዱ ከሚፈልገው ቀን ጋር አለመገጣጠሙ ነው።

ባንክ ወደ አገራችን በገባ ጊዜ

ባንክ የሚባለው ተቋም ወደ ኢትዮጵያ የገባው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመነ መንግሥት ሲሆን፣ ከግብፅ ብሔራዊ ባንክ ጋር በተደረገ ውል የቆመው የአቢሲኒያ ባንክ በ1898 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራውን ጀመረ። ባንኩ ይበልጡን የሚያገለግለው መንግሥትንና የውጭ አገር ነጋዴዎችን ነበረ። ኢትዮጵያዊው ነጋዴና ገበሬ ከዚያ ባንክ ብድር እንደማያገኝ ተመልክተው፣ ለእርሻና ለንግድ ማስፋፊያ የሚያበድር አገር በቀል ማኅበር በ1900 ዓ.ም. ገደማ እንዲቋቋም የተጉት እቴጌ ጣይቱ ብጡል ነበሩ። ብድር ለባለሀገሩ ይድረስ የሚለው ሐሳብ በአገራችን ከተፀነሰባቸው ልቦናዎች አንዱ የሴት ልቦና መሆኑ፣ ይህን ጥያቄ ከውጭ የመጣ አድርገው ለሚቆጥሩ ሁሉ በቂ መልስ ነው።

ከዚያ በኋላ የአቢሲኒያ ባንክ የመንግሥት ሆነ፤ በ1956 ዓ.ም. ብሔራዊ ባንክና ንግድ ባንክ ተለያዩ፤ በ1967 ዓ.ም. የግል ባንኮች ተወረሱ፤ በ1986 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ደግሞ የግል ባንክ ዳግመኛ ተፈቀደ። በእነዚህ ሁሉ ለውጦች ውስጥ ግን አንድ ነገር ሳይናወጥ ቆየ፤ ይኸውም ብድር የሚለካው በማይንቀሳቀስ ንብረት መያዣ መሆኑ ነው። የማይንቀሳቀሰው ንብረት የማን ነው ብሎ የሚጠይቅ ሰው ደግሞ መልሱን ከባንክ መዝገብ አስቀድሞ በቤተሰብ ሕግ ውስጥ ያገኘዋል።

በ1952 ዓ.ም. የታወጀው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ አለቃ አድርጎ ሾመው፤ ሚስትም እንድትታዘዘው ደነገገ፤ የጋራውንም ሀብት አስተዳደር በዋናነት በእርሱ እጅ አኖረ። በየካቲት 1967 ዓ.ም. የታወጀው የገጠር መሬት አዋጅ ለወንድና ለሴት ልዩነት ሳያደርግ መሬትን ለአራሹ ቢሰጥም፣ የገበሬ ማኅበራት መዝገብ የተጻፈው በአባወራ ስም ስለ ነበረ፣ ያገባች ሴት ስሟ በዚያ መዝገብ አልታየም። ይህ ሁሉ በተጻፈበት ዘመን የነበረች ባለትዳር ነጋዴ ሴት፣ ቤቱን በእጇ መርጋ፣ በጠላዋ ትርፍ ቆርቆሮውን አልብሳ እንኳ፣ ያለ ባሏ ፈቃድ ቤቱን ለብድር ለማስያዝ የባንክ ደጃፍ ልትረግጥ አትችልም ነበር።

ሕጉ ተለወጠ፣ መዝገቡ ግን ዘገየ

በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በ35ኛው አንቀጽ ሴቶች ንብረት የማፍራት፣ የማስተዳደር፣ የመቆጣጠር፣ የመጠቀምና የማስተላለፍ መብት እንዳላቸው፣ በመሬትም ረገድ ከወንዶች ጋር እኩል እንደ ሆኑ አጽንቶ ተናገረ። በ1992 ዓ.ም. የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ በ1995 ዓ.ም. ደግሞ የአማራ ክልል የራሱ የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 79) ወጡ፤ የባል አለቅነት ቀረ፤ የጋራ የሆነን የማይንቀሳቀስ ንብረት ለመሸጥም ሆነ ለማስያዝ የሁለቱም ተጋቢዎች ስምምነት የግድ ሆነ።

በገጠሩ ደግሞ የአማራ ክልል የመሬት ይዞታን መዝግቦ የማረጋገጫ ደብተር መስጠት ከጀመሩት ክልሎች አንዱ ሲሆን፣ በስዊድን መንግሥት ርዳታ የሙከራው ሥራ ከተካሄደባቸው ሁለት ቀበሌዎች አንዱ ከደብረ ማርቆስ አጠገብ በጎዛምን ወረዳ የሚገኘው አዲስና ጉሊት ነበረ፤ ሁለተኛው በደቡብ ወሎ ያለው ገራዶ ነው። በደብተሩ ላይ የባልም የሚስትም ስም እንዲጻፍ፣ የሁለቱም ፎቶግራፍ እንዲለጠፍ መደረጉ በዚህች ደጋ የሴት ስም በመሬት መዝገብ ላይ በግልጥ የሰፈረበት ታላቅ ምዕራፍ ነው። ኋላም በ2009 ዓ.ም. የወጣው የክልሉ የመሬት አዋጅ (ቁጥር 252) በመሬት የመጠቀምን መብት ለብድር ማስያዝን ፈቀደ፤ በ2016 ዓ.ም. የወጣው የፌዴራሉ አዋጅ (ቁጥር 1324) ይህንኑ ለአገሩ ሁሉ አደረሰው። መሬቱ በሕገ መንግሥቱ የመንግሥትና የሕዝብ ስለ ሆነ አይሸጥም፤ ለአበዳሪው የሚያዝለት ለተወሰኑ ዓመታት የመጠቀም መብት ብቻ ነው።

የሁለቱ ፊርማ እኩል መሆን በጽሑፍ ፍጹም ፍትሕ ነው፤ በኑሮ ግን እኩል ክብደት የለውም። ባል ብድር ሲፈልግ የሚስት ፊርማ ብዙ ጊዜ ያለ ክርክር የሚገኝ ሥርዓት ብቻ ሆኖ ሲቀር፣ ሚስት ብድር ስትፈልግ የባል ፊርማ ደጅ የሚጠናበት ፈቃድ ይሆናል። ከዚህም ሌላ በከተማው ያለው ቤት ገና ከጥንት በባል ወይም በአባት ስም የተመዘገበ ሊሆን ይችላል፤ ውርስ ሳይጣራ፣ ስም ሳይዛወር፣ ካርታ ሳይወጣ የሚኖርበትም ቤት ብዙ ነው። ሕግ በአንድ ቀን ይታወጃል፤ መዝገብ ግን የሚታረመው በትውልድ ነው፤ ባንክም የሚያነበው መዝገቡን ነው።

የአነስተኛ ብድር ተቋማት ያደረጉትና ያላደረጉት

ባንክ የዘጋውን በር ለመክፈት የተነሡት የአነስተኛ ብድር ተቋማት ናቸው። በ1988 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ (ቁጥር 40) ለእነዚህ ተቋማት ሕጋዊ መሠረት ሲጥል፣ አብቁተ በሚል ስም የምናውቀው የአማራ ብድርና ቁጠባ ተቋም በክልሉ ከገጠር እስከ ከተማ ቅርንጫፉን ዘረጋ፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ፀደይ ባንክ ተብሎ ወደ ባንክነት ተሸጋገረ። የዚህ አሠራር ጥበብ የንብረት መያዣን ትቶ የቡድን ዋስትናን መቀበሉ ነበረ፤ የሚተዋወቁ ጥቂት ሰዎች አንዱ ለሌላው ዋስ ሆነው ይበደራሉ፤ አንዷ ብትዘገይ ሌሎቹ ይጠየቃሉ። የዕቁብን መንፈስ ወደ ተቋም ያስገባ ሥራ ነውና፣ ቤት የሌላት፣ ካርታ የማታውቅ ሴት በስሟ ፈርማ ገንዘብ የተቀበለችበት በር ይህ ሆነ። ስለዚህ በጎነቱ ሊዘነጋ አይገባም።

ውጤቱስ ምን ሆነ? ለዚህ ጥያቄ ከእኛው አገር የተገኘ ብርቅ ማስረጃ አለ። አሌሳንድሮ ታሮዚ፣ ጃይኪሻን ዴሳይና ክሪስቲን ጆንሰን የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. ከ2003 እስከ 2006 በአማራና በኦሮሚያ ገጠሮች፣ ብድሩ አስቀድሞ የሚደርሳቸውንና የሚዘገይባቸውን ቀበሌዎች በዕጣ ለይተው፣ አብቁተና የኦሮሚያው ተቋም የሰጡት ብድር ያስከተለውን ለውጥ መረመሩ። በ2015 እ.ኤ.አ. ያሳተሙት ግኝት፣ በተመረጡት ቀበሌዎች የተበዳሪው ቁጥር በጣም እንደ ጨመረ፣ ነገር ግን በገቢ፣ በልጆች ትምህርትና በሴቶች ሥልጣን ረገድ በአብዛኛዎቹ መለኪያዎች ላይ ጉልህ ለውጥ እንዳልታየ ያስረዳል።

ይህን ግኝት አንብቦ ብድር ለሴት አይጠቅምም ብሎ መደምደም ትልቅ ስሕተት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ብሔራዊ ባንክ ለእነዚህ ተቋማት የወሰነው የብድር ጣሪያ 5,000 ብር ነበረ። በዚህ ገንዘብ በግ ማድለብ፣ ጌሾና ብቅል መግዛት ይቻላል፤ የወፍጮ ቤት ማቆም፣ የዳቦ መጋገሪያ ማሽን መግዛት፣ እህል በመከር ገዝቶ እስከ ክረምት ማቆየት ግን አይቻልም። ለገበሬ ከጥማድ አንዱን በሬ ብቻ ሰጥቶ መቀናጆ ሳያገኝ እረስ ማለት እንደማይሆን ሁሉ፣ ለነጋዴም ከሚያስፈልጋት ገንዘብ ጥቂቱን ሰጥቶ ለምን አልበለጸግሽም ማለት አይሆንም። የተወሰደው ገንዘብ ጉድጓድ ይደፍናል፤ ንግድን ግን ከነበረበት ከፍታ አያነሣም። በዚህም ላይ የቡድኑ ብድር ሁሉንም በአንድ ልክ የሚያይ በመሆኑ፣ ከጓደኞቿ ቀድማ ያደገችው ሴት ከእነርሱ ጋር ታስራ ትቀራለች።

በመካከል የቀረችው ነጋዴ

እንግዲህ የጥያቄው እምብርት እዚህ ላይ ነው። ለቡድን ብድር የበዛች፣ ለባንክ ብድር ያነሰች አንዲት ነጋዴ አለች። ሁለት ሦስት ሠራተኞች ያሏት የምግብ ቤት ባለቤት፣ ልብስ ሰፍታ ለትምህርት ቤቶች የምታቀርብ፣ ወተት ሰብስባ የምታከፋፍል፣ በርበሬና ሽሮ አስፈጭታ ወደ አዲስ አበባ የምትልክ ሴት በደብረ ማርቆስም በፍኖተ ሰላምም በሞጣም ትገኛለች። አነስተኛ ብድር አይበቃትም፤ ባንክ ደግሞ የሌላትን ሕንፃ ይጠይቃታል።

ይህን ክፍተት አይቶ ለመሙላት የተነሣው የዓለም ባንክ ያገዘው የሴቶች ሥራ ፈጣሪዎች ልማት ፕሮግራም በ2004 ዓ.ም. ተቋቁሞ፣ በኢትዮጵያ ልማት ባንክ በኩል ለአነስተኛ ብድር ተቋማት ገንዘብ እየለቀቀ፣ አስቀድሞ በአዲስ አበባ፣ በባሕር ዳር፣ በመቀሌ፣ በአዳማ፣ በሐዋሳና በድሬዳዋ ለሴቶች ብቻ የግል ብድር መስጠት ጀመረ። የዓለም ባንክ ባወጣው ዘገባ መሠረት፣ ተቋማቱ ከዚያ በፊት ይጠይቁት የነበረው መያዣ በአማካይ የብድሩን 200 በመቶ ያህል ሲሆን፣ ከፕሮግራሙ በኋላ ወደ 125 በመቶ ወርዷል። ከዚህም አልፎ የተበዳሪዋን ጠባይና ችሎታ በጥያቄዎች የሚመዝን ፈተና ተሞክሮ፣ በፈተናው ከፍ ያለ ውጤት ያገኙት ብድራቸውን የመክፈል ዕድላቸው ከሌሎቹ እጅግ በልጦ ታይቷል። ይህ ሁሉ የሚያስረዳን፣ አበዳሪ ንብረትን ከመመዘን ሌላ ሰውንም የሚመዝንበት መንገድ እንዳለው ነው። ይሁን እንጂ ፕሮግራሙ የጀመረው ከትላልቅ ከተሞች ስለ ነበረ፣ እንደ ደብረ ማርቆስ ያሉ መካከለኛ ከተሞች ለዚህ ጸጋ ወረፋ ጠባቂዎች ሆነው ቆዩ።

ሁለተኛው ሙከራ በ2005 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው እናት ባንክ ነው። አሥራ አንድ ሴቶች ያነሣሡት ይህ ባንክ የመጀመሪያዋ የቦርድ ሰብሳቢ፣ የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር መሥራች የነበሩትና ኋላ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ፕሬዚዳንት የሆኑት ወይዘሮ መዓዛ አሸናፊ ነበሩ። ባንኩ ቅርንጫፎቹን በታላላቅ ሴቶች ስም ከመሰየሙ የሚበልጠው ሥራው፣ አቅም ያላቸው ሰዎች በባንኩ የሚያስቀምጡትን ገንዘብ መያዣ ለሌላቸው ሴቶች ዋስትና እንዲያደርጉት መንገድ መክፈቱ ነው። በጎ አድራጊው ገንዘቡን አይሰጥም፤ ያውሳል፤ ነጋዴዋም ምጽዋት አትቀበልም፤ ብድር ትበደራለች። ለጎጃም ተወላጆች፣ በአዲስ አበባም በውጭ አገርም ላሉት፣ ይህን የመሰለ የዋስትና ፈንድ በትውልድ ከተማቸው ማቋቋም ከብዙ ድግስና ከብዙ ጉባኤ የሚበልጥ ሥራ በሆነ ነበር።

የሒሳብ ባለቤቶች ቁጥር ራሱም ቢሆን ስለ ክፍተቱ ይናገራል። የዓለም ባንክ ግሎባል ፊንዴክስ ጥናት እንደሚያሳየው፣ እ.ኤ.አ. በ2017 በኢትዮጵያ ሒሳብ የነበራቸው ወንዶች 41 በመቶ፣ ሴቶች 29 በመቶ ሲሆኑ፣ በ2022 እ.ኤ.አ. ወንዶች 55 በመቶ፣ ሴቶች 39 በመቶ ደርሰዋል። ሁለቱም አደጉ፤ በመካከላቸው ያለው ርቀት ግን ከ12 ወደ 16 ነጥብ ሰፋ። ዕድገት ለብቻው ልዩነትን እንደማያጠፋ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አይገኝም።

ከሌላው ዓለም የሚገኝ ትምህርት

ጥያቄው የእኛ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ ለሴት በጾታዋ ምክንያት ብድር መከልከልን የሚያግደው ሕግ የወጣው በ1974 እ.ኤ.አ. ነው፤ ለንግድ ብድር የወንድ ዘመድ ፊርማ መጠየቅን ያስቀረው ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ ነው። በባንግላዴሽ ሙሐመድ ዩኑስ ያቋቋሙት ግራሚን ባንክ ለድኻ ሴቶች በቡድን እያበደረ በ2006 እ.ኤ.አ. ከመሥራቹ ጋር የኖቤል የሰላም ሽልማት አግኝቷል። በኢጣሊያ አልበርቶ አሌሲናና ባልደረቦቹ የባንክ መዝገብ መርምረው፣ ሴት ነጋዴዎች ከወንዶች የባሰ የመክሰር ታሪክ ሳይኖራቸው ከፍ ያለ ወለድ እንደሚከፍሉ አሳዩ። በቱርክም የብድር ሠራተኞች ተመሳሳይ ማመልከቻ ቀርቦላቸው፣ አመልካቹ ሴት ስትሆን ዋስ ወደ መጠየቅ እንደሚያዘነብሉ በሙከራ ታይቷል። ስለዚህ ጥፋቱ ሁሉ የሴቷ ንግድ ማነስ ነው የሚለው መልስ ሙሉ እውነት አይደለም።

ነገር ግን ለሴት የተሰጠ ገንዘብ ሁሉ በሴት እጅ ይሠራል ማለትም አይደለም። በባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ1996 የታተመ ጥናት፣ በሴቶች ስም ከወጣው ብድር ብዙው በወንድ ዘመዶቻቸው እጅ እንደሚሠራ ገለጸ። ከዚያም በስሪ ላንካ ለወንድና ለሴት የአነስተኛ ንግድ ባለቤቶች ካፒታል በስጦታ ተሰጥቶ ሲታይ፣ የወንዶቹ ትርፍ አደገ፣ የሴቶቹ ግን አላደገም፤ ብዙ ሰውም ሴት ካፒታልን ማሳደግ አትችልም ብሎ ተረጎመው። ይህን ትርጓሜ ያፈረሱት ሮሂኒ ፓንዴና ባልደረቦቿ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2019 የሕንድን፣ የስሪ ላንካንና የጋናን መረጃ መልሰው ሲመረምሩ፣ በቤቱ ውስጥ ሌላ ንግድ ካለ የሴቷ ገንዘብ ወደ ባሏ ንግድ እንደሚሄድ፣ በቤቱ ያለች ነጋዴ እርሷ ብቻ ከሆነች ግን የካፒታሏ ፍሬ ከወንዱ ጋር የሚተካከል መሆኑን አገኙ። ድክመት ተብሎ የተቆጠረው ነገር የቤተሰብ የገንዘብ አመራር ነበረ።

ይህ ግኝት በጎጃም ደጋ ላይ ሲተረጎም ትርጉሙ ግልጥ ነው። በሚስት ስም የተወሰደ ብድር ለባል የእህል ንግድ ወይም ለበሬ መግዣ ከዋለ፣ ዕዳው የእርሷ፣ ትርፉ የቤቱ፣ ልምዱም የባል ይሆናል። አበዳሪው የሴቶችን ቁጥር ለመሙላት ብቻ ከደከመ ይህን አያይም፤ ገንዘቡ በማን እጅ እንደሚሠራ፣ ሒሳቡ በማን ስም እንደ ተከፈተ፣ ውሳኔውን ማን እንደሚሰጥ ሲጠይቅ ግን ያየዋል።

አዲሶቹ መንገዶችና እንቅፋታቸው

በቅርብ ዓመታት የተከፈቱ ሦስት መንገዶች ለዚህች ነጋዴ ተስፋ ይዘዋል። አንደኛው በ2011 ዓ.ም. የወጣው በተንቀሳቃሽ ንብረት ዋስትና ስለሚሰጥ ብድር የሚደነግገው አዋጅ (ቁጥር 1147) ነው። በዚህ አዋጅ ከብት፣ ማሽን፣ በመጋዘን ያለ እህልና ሌላ ሸቀጥ ተመዝግቦ መያዣ ሊሆን ይችላል። የጎጃም ሴት ሀብት ከቤት ይልቅ በላም፣ በጤፍ፣ በዕቃና በማሽን ያለ ስለ ሆነ፣ ይህ አዋጅ በትክክል ቢሠራበት ለእርሷ ከማናቸውም ንግግር ይበልጣል። በእርሱ አጠገብ የሚቆመው የልማት ባንኩ የሊዝ ፋይናንስ ነው፤ ተበዳሪዋ 20 በመቶ ስታዋጣ ባንኩ ቀሪውን ከፍሎ ማሽኑን ይገዛላታል፤ መያዣውም ማሽኑ ራሱ ነው።

ሁለተኛው የመሬት መብትን ማስያዝ ነው። በብሪታንያ መንግሥት ርዳታ በተካሄደው ሊፍት በተባለው ፕሮግራም የሁለተኛ ደረጃ የይዞታ ማረጋገጫ በካርታ ተደግፎ ሲሰጥ፣ በዚያ ላይ የተመሠረተ የግል ብድር በአማራ ክልል በአብቁተ በኩል ተጀምሯል። መሬቷን በእኩል የምታሳርስ ባሏ የሞተባት ሴት፣ በስሟ ብቻ የተጻፈ ደብተር ካላት፣ በዚህ መንገድ ከባለትዳሯ ይልቅ ነጻ ተበዳሪ ትሆናለች። ነገር ግን ንግዱ ባይቀና መሬቷ ለዓመታት ወደ ሌላ እጅ ይሄዳልና፣ የሚያዘው መሬት ልክና ዘመን ቤተሰቡን ለረኃብ እንዳያጋልጥ በጥንቃቄ መወሰን አለበት።

ሦስተኛው በስልክ የሚሰጥ ብድር ነው። በ2014 ዓ.ም. ኢትዮ ቴሌኮም ከዳሸን ባንክ ጋር ቴሌብር መላን፣ የኦሮሚያ ኅብረት ሥራ ባንክም ምቹ የተባለውን ያለ መያዣ የሚሰጥ ብድር አቀረቡ፤ ምቹ ኪያ የተባለው ክፍሉ በተለይ ፈቃድ ለሌላቸው ሴት ነጋዴዎች የታሰበ ነው። በዚህ አሠራር የገንዘብ እንቅስቃሴዋ ራሱ ስለ እርሷ ይመሰክራል። ሆኖም በስልኳ የማትገበያይ ሴት በዚህ መዝገብ ፊት ምስክር የላትም፤ የሚገኘውም ብድር ገና ትንሽና የአጭር ጊዜ ነው።

በእነዚህ መንገዶች ሁሉ ላይ የዘመኑ መከራ ተጋርጧል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት መንገድ እየተዘጋ፣ ገበያ እየተበተነ፣ የኢንተርኔት አገልግሎት ለወራት እየተቋረጠ ሲሄድ፣ በስልክም ሆነ በቅርንጫፍ የሚሰጠው ብድር አብሮ ተናወጠ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ብሔራዊ ባንክ የዋጋ ንረትን ለመግታት የባንኮች ዓመታዊ የብድር ዕድገት ከ14 በመቶ እንዳይበልጥ ወሰነ፤ ገንዘብ ሲጠብብ ደግሞ ባንክ የሚያስቀድመው የቆየውንና ትልቅ መያዣ ያለውን ደንበኛ ነው። የሰላም እጦት ዕዳ ከሁሉ አስቀድሞ የሚወድቀው በየቀኑ ገበያ ወጥታ በምታድረው ላይ ነው፤ ያለ ሰላም የሚሠራ የብድር ሥርዓት የለም።

ተቃውሞዎቹና ፍርዱ

ከሚሰነዘሩት ተቃውሞዎች ጠንካራው፣ ባንክ የሚያበድረው የሌላ ሰው አደራ ስለ ሆነ ያለ በቂ መያዣ ማበደር አደራን ማባከን ነው የሚለው ነው። ይህ ክርክር ክብር ይገባዋል፤ የአስቀማጩ ገንዘብ ቅዱስ አደራ ነውና። ነገር ግን ዓላማው አደራን መጠበቅ ከሆነ፣ መጠየቅ ያለበት ብድሩ ይመለሳል ወይስ አይመለስም የሚለው ነው፤ ሕንፃ ለዚህ ጥያቄ ከሚሰጡት መልሶች አንዱ ብቻ ነው። በዕቁብ ለዓመታት ያልተጓደለች፣ የቡድን ብድሯን ደጋግማ የመለሰች፣ የዕለት ሽያጯ በሒሳቧ የሚታይ ሴት ከአንድ ባዶ ቤት የማያንስ ማስረጃ አላት። ይህን ማስረጃ አለመጠየቅ ጥንቃቄ ሊባል አይገባውም።

ሁለተኛው ተቃውሞ ሴቶች ራሳቸው አይጠይቁም የሚለው ነው። ከበሩ የምትመለሰውን ያየች ጎረቤት መጠየቅን ብትተው፣ ያንን ማመዛዘን እንጂ ፍርሃት አንበለው። መልሱ በተለወጠበት ቦታ ጥያቄውም ይበዛል፤ ለሴቶች የተለየ ብድር በተከፈተባቸው ከተሞች የተሰለፉት ነጋዴዎች ይህን መስክረዋል።

ስለዚህ የዳሰሳው ፍርድ ይህ ነው። ድፍረትም፣ የንግዱ ማነስም፣ ንቀትም፣ ሕግም እያንዳንዳቸው በነገሩ ውስጥ ድርሻ አላቸው፤ ነገር ግን ሁሉንም የሚያስተሳስረው የመያዣ ሥርዓት ካልታረመ የቀሩት ቢታረሙም ፍሬ አይሰጡም። ለዚህም አራት ተግባራት ዛሬ ነገ ሳይባል ሊጀመሩ ይገባል። ባንኮች በደብረ ማርቆስና በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች በተንቀሳቃሽ ንብረት የሚያበድሩበትን አሠራር ከወረቀት ወደ መስኮት ያውርዱት፤ የቁጠባና ብድር ኅብረት ሥራ ማኅበራትና የአነስተኛ ብድር ተቋማት ያከማቹት የመክፈል ታሪክ በተበዳሪዋ ፈቃድ ወደ ባንክ ተሸጋግሮ እንደ ዋስትና ይቆጠርላት፤ የከተማ አስተዳደሮች የባልና ሚስት የጋራ የሆነውን ቤት በሁለቱም ስም የመመዝገቡን ሥራ በዝቅተኛ ክፍያ ያፋጥኑት፤ ብሔራዊ ባንክም እያንዳንዱ ባንክ ለሴትና ለወንድ ያበደረውን በቁጥር ብቻ ሳይወሰን በብር መጠን፣ በዘመኑ ርዝመትና በተጠየቀው መያዣ ልክ ለይቶ በየዓመቱ ለሕዝብ እንዲገልጥ ያዝዝ። ስንት ሴቶች ተበደሩ የሚለው ቁጥር ለብቻው ያታልላል፤ ሺህ ሴቶች ጥቂት ጥቂት ብር፣ አንድ ወንድ ደግሞ የሁሉንም ድምር ሊበደር ይችላልና።

መክሊት የተሰጠው ሰው እንዲያተርፍበት ይጠየቃል፤ ይህን ፍርድ ከወንጌል የተማርን ሕዝብ ነን። የጎጃም ደጋ ሴት የተሰጣትን ጉልበትና ጥበብ አልቀበረችም፤ በየገበያው አተረፈችበት። ያልተሰጣትን ግን አተርፊበት ልንላት መብት የለንም፤ ስለዚህ በዚህ ጉዳይ የሚጠየቀው አበዳሪው፣ ሕግ አስፈጻሚውና የመዝገቡ ጠባቂ ነው።